ባለቤቱን ያጣ ሐረግ፦ ስለ ላሊበላ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ቆሞ አንድን ድርጊት ወይም ሁኔታ የሚገልጽ፣ ነገር ግን ድርጊቱ የማን እንደሆነ በራሱ የማይናገር ሐረግ፣ ባለቤቱን የሚያገኘው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ከሚመጣው የዋናው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው። ያ ስም ትክክለኛው የድርጊቱ ባለቤት ካልሆነ ሐረጉ የሚይዘው አጥቶ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ከማይገባው ባለቤት ጋር ይጣበቅና ጸሐፊው ያላሰበውን ነገር ይናገራል። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መምህራን ይህን ስሕተት «ዳንግሊንግ ሞዲፋየር» ይሉታል፤ በአማርኛ «ተንጠልጣይ ገላጭ» ቢባል አሳቡን ይይዛል። ገላጭ የሚባለው የሌላውን ቃል ማንነት፣ ሁኔታ ወይም ጊዜ ለይቶ የሚያሳይ ቃል ወይም ሐረግ ሲሆን፣ ባለቤት ደግሞ የግሡ ድርጊት የሚነገርለት ስም ነው።

ለላሊበላና ለአካባቢዋ ለላስታ ሰው ጉዳዩ ከትምህርት ቤት ፈተና ያለፈ ነው። 11ዱ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች መካከል ናቸው፤ ጥንት ሮሃ ትባል የነበረችው የላሊበላ ታሪክም ለሩቅ አንባቢ በብዛት የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የጻፈው መጽሐፍ በአገሩ ቋንቋ በ1540፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ1881 ከታተመ በኋላ ለብዙ ዘመን ስለ ቦታው በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የኖሩት የውጭ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ጸሐፊዎቹ የአገሩ ልጆችም ሆነዋል፦ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩ አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ በራሪ ወረቀትና የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ የቱሪዝምና የታሪክ ተማሪዎች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስላጸና፣ አንድ የላስታ ወጣት የገዛ አገሩን ታሪክ በዚህ ቋንቋ እንዲጽፍ የሚጠየቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለ ራስ አገር በሰው ቋንቋ ሲጻፍ ደግሞ የሰዋስው ጉድለት የሚጎዳው ጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ነው።

ከትውፊቱ አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡትና እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ስትል ስሙን እንዳወጣችለት ይነገራል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን በእንግሊዝኛ ሊጽፍ ሲነሣ «ሰራውንድድ ባይ ቢስ፣ ሂዝ ማዘር ኔምድ ሂም ላሊበላ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ በቀላሉ ይደርሳል። በጸሐፊው ልብ ያለው «በንቦች ተከቦ እናቱ ላሊበላ አለችው» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ ግን የሚያነበው «እናቱ በንቦች ተከባ ላሊበላ አለችው» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የመጣችው ባለቤት እናቲቱ ናት፤ መከበቡም ለእርሷ ይሰጣል። ዓረፍተ ነገሩ አያስቅም፣ አንባቢንም አያስደነግጥም፤ ንብ ሕፃንን እንደሚከብ ሁሉ እናትንም ሊከብ ይችላል። የዚህ ስሕተት ክፉ ጎንም ይኸው ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚጠቅሷቸው ቤት ሲሮጥ፣ ዛፍ ሲበላ የሚያሳዩ አስቂኝ ዓረፍተ ነገሮች ወዲያው ስለሚታወቁ ይታረማሉ፤ ትርጉም የሚሰጠው ስሕተት ግን ሳይታወቅ ያልፍና የሚቀጥለው ጸሐፊ እንደ እውነት ይቀዳዋል።

ሁለቱን አማርኛዎች የለያቸው አንድ ፊደል ነው፦ «ተከቦ» እና «ተከባ»። እንግሊዝኛው «ሰራውንድድ» ግን ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለብዙዎቹም፣ ለተናጋሪውም ያው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ለምን በዚህ መንገድ እንደሚሳሳት የሚያስረዳው ይህ ልዩነት ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከት ይገባል።

በአማርኛ ሰዋስው «ቦዝ አንቀጽ» የሚባል የግሥ መልክ አለ። ቦዝ መባሉ ዓረፍተ ነገሩን መቋጨት ስለማይችልና መጨረሻ ላይ የሚመጣ ማሠሪያ አንቀጽ ስለሚጠብቅ ነው፤ ማሠሪያ አንቀጽ ማለት አሳቡን አስሮ የሚፈጽመው ዋና ግሥ ነው። ይሁን እንጂ ቦዝ ቢሆንም ባለቤት አልባ አይደለም። ወርጄ፣ ወርደህ፣ ወርደሽ፣ ወርዶ፣ ወርዳ፣ ወርደን፣ ወርዳችሁ፣ ወርደው ሲባል እያንዳንዱ ቃል የወረደው ማን እንደሆነ በመጨረሻው ድምፅ ይናገራል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ ያለው «ዲሰንዲንግ» የሚል አንድ መልክ ብቻ ነው፤ ወራጁ ማን እንደሆነ ከቃሉ አይታወቅም፣ ከጎረቤቱ ስም ይፈለጋል እንጂ። ይህ የአማርኛ ጠባይ ከግእዝ ጋር የሚጋራው ነው። ወሪድየ፣ ወሪደከ፣ ወሪዶ፣ ወሪዳ፣ ወሪደነ እያለ በግእዙ ቦዝ አንቀጽ የሠለጠነ የቅኔ ተማሪ፣ ማሠሪያውን ከባለቤቱ፣ ቦዙን ከማሠሪያው እያስማማ መፍታትን የጀመረው እንግሊዝኛ ከመማሩ በፊት ነው። ለዘመናዊ አንባቢ ደግሞ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» የቋንቋውን አወቃቀር በሰፊው አብራርቶታል።

ግሡ ባለቤቱን በራሱ ስለያዘ አማርኛ ሌላ ነጻነት አግኝቷል፤ የቦዝ አንቀጹ ባለቤትና የማሠሪያው ባለቤት የተለያዩ ቢሆኑ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። «ፀሐይ ወጥታ ጉዞ ጀመርን»፣ «ዝናብ ጥሎ መንገዱ ተበላሸ»፣ «መሽቶብን ከተማ ገባን» የሚሉት ሁሉ እንከን የሌለባቸው አማርኛዎች ናቸው። ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣ ሰው «ደክሞን በቅሎዎቹ ቀደሙን» ቢል የደከሙት በቅሎዎቹ ናቸው ብሎ የሚረዳው አይኖርም፤ «-ን» የሚለው ምእላድ፣ ማለትም በቃሉ ላይ የተቀጠለው ትርጉም ሰጪ ድምፅ፣ ድካሙን ለተናጋሪዎቹ ሰጥቶታል። ይኸው አሳብ «ቢይንግ ታየርድ» በሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ተጀምሮ በቅሎዎቹ ባለቤት ሆነው ሲከተሉ ግን ድካሙ ወደ በቅሎዎቹ ይዞራል። በሌሎቹ ጥገኛ ግሦችም እንዲሁ ነው፤ አማርኛ «ስንወርድ»፣ «እየወረድን»፣ «ከወረድን በኋላ» ሲል ባለቤቱን አይጥልም፣ እንግሊዝኛ ግን «ዌን»፣ «ዋይል»፣ «አፍተር» ከሚሉት ቃላት ቀጥሎ ባለቤቱን አስቀርቶ በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ግሥ ብቻ ማስከተል ይችላል። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪው ስሕተት የሚመነጨው ከግድየለሽነት ሳይሆን ከቋንቋው ከወረሰው ትክክለኛ ልማድ ነው፤ ልማዱን ሲያሻግር ባለቤቱን የሚሸከመው ምእላድ በመንገድ ላይ ይወድቅበታል። ይህን ሳያስረዱ «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ በቀይ ቀለም ማስመር ተማሪውን ያሳፍራል እንጂ አያስተምረውም።

ከላሊበላ ትውፊት ሌላ ስፍራ ይህን የበለጠ ያጎላል። ላሊበላ ከመንገሡ በፊት መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው መተኛቱና በዚያ ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሳዩት ይተረካል። በአማርኛ «ሦስት ቀን ተኝቶ መላእክት አብያተ ክርስቲያናቱን አሳዩት» ቢባል የተኛው አንድ፣ ያሳዩት ብዙዎች ስለሆኑ ጥርጣሬ የለም። «ስሊፒንግ ፎር ስሪ ዴይስ፣ ዘ ኤንጀልስ ሾውድ ሂም ዘ ቸርችስ» ተብሎ ሲጻፍ ግን በእንግሊዝኛ የተኙት መላእክቱ ናቸው። ጥንቅቅ ያለው አጻጻፍ ተኚውን በሐረጉ ውስጥ ያስገባዋል፤ «ዋይል ሂ ስሌፕት ፎር ስሪ ዴይስ» ሲባል «ሂ» የምትለው ትንሽ ተውላጠ ስም በአማርኛው «ተኝቶ» መጨረሻ ላይ የነበረውን ሥራ ትረከባለች። ወይም ደግሞ ሐረጉ ሳይነካ ላሊበላ ራሱ የዋናው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይሆናል፤ «ሦስት ቀን ተኝቶ ሳለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን በመላእክት መሪነት አየ» እንደ ማለት።

እንዲህ ያለው አገባብ በእንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ የተወገዘ አልነበረም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ የሙቱ ንጉሥ መንፈስ ስለ አሟሟቱ የተወራውን ሲናገር፣ በአትክልት ስፍራው የተኛው ራሱ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ባለቤት ሆኖ የሚገኘው እባቡ ነው። የዘመኑ አድማጭም የአሁኑ ተመልካችም እባቡ ተኝቶ ነበር ብሎ አይገምትም። ሕጉ የጠነከረው በኋለኞቹ ዘመናት ሲሆን፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልያም ስትራንክ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣት ትንሽ የአጻጻፍ መመሪያ ዓረፍተ ነገር የሚጀምር እንዲህ ያለ ሐረግ የግድ ለዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆን እንዳለበት ደነገገ፤ እንግሊዛዊው ፋውለርም በ1926 ባሳተመው የቋንቋ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት ጉዳዩን ለብቻው አንሥቶታል። እንግሊዝኛ በቃል ሲነገር ድምፅና ሁኔታ የሚሞሉትን ጉድለት በጽሑፍ የሚሞላው ስለሌለ የሕጉ መጥበቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ ስለ ንጉሥ ላሊበላና ስለ ሌሎቹ የዛጉዌ ነገሥታት ምንም የማያውቅ ሩቅ አንባቢ የተኛው ማን እንደሆነ ከአገር ልማድ ሊገምት አይችልም።

በላሊበላ ከሁሉ ይልቅ የሚበረክተው ግን አድራጊው የማይጠራበት ዓይነት ነው። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በጫማ ስለማይገባ፣ ይህን ለእንግዳ መንገር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በአማርኛ «ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት በፊት ጫማ ይወለቃል» ይባላል፤ መልካም አማርኛም ነው። በቀጥታ ሲመለስ «ቢፎር ኢንተሪንግ ዘ ቸርች፣ ሹስ መስት ቢ ሪሙቭድ» ይሆናል፤ በሰዋስው ሚዛን ግን የሚገቡት ጫማዎቹ ናቸው። አንባቢው መልእክቱን መረዳቱ አይቀርም፣ ብዙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በማስታወቂያ ላይ ይህን በዝምታ ያልፉታል። ቢሆንም «ጫማዎን ያውልቁ» የሚለው ቀጥተኛ ትእዛዝ፣ ማለትም «ፕሊስ ሪሙቭ ዮር ሹስ ቢፎር ኢንተሪንግ»፣ አጭርም፣ ትሑትም፣ የተስተካከለም ነው። በትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ላይ ያልተጠራው ባለቤት አንባቢው ራሱ ስለሆነ የሚገባውም የሚያወልቀውም አንድ ሰው ይሆናል።

ተደራጊ ግሥ፣ ማለትም አድራጊውን ሸፍኖ የተደረገበትን ባለቤት የሚያደርግ የግሥ መልክ፣ በመመረቂያ ጽሑፎችም የተንጠልጣይ ገላጭ ዋና መራቢያ ነው። «ዩዚንግ ኩዌስቸኔር፣ ዴታ ወር ኮሌክትድ» የሚለው አጻጻፍ መረጃው ራሱ መጠይቁን እንደተጠቀመ ይናገራል፤ የተጠቀመው አጥኚው ነው፣ አጥኚው ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሚያሳትመው የአጻጻፍ መመሪያ ይህን ለይቶ የሚያስጠነቅቅ ሲሆን፣ መድኃኒቱም አጥኚውን መመለስ ነው። ብዙ ተማሪዎች በሳይንሳዊ ጽሑፍ ራስን መጥራት ነውር ነው ተብለው ስላደጉ «ዊ» ወይም «ዘ ሪሰርቸር» ማለትን ይሸሻሉ፤ በዚህ ሽሽት ምክንያት ግልጽነት ሲታጣ ጉዳቱ ከትሕትናው ይበልጣል። ስለ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የዱር እንስሳት የሚጻፍ ዘገባ «ተራራውን እየወጡ» የሚለውን ሐረግ በእንግሊዝኛ አስቀድሞ «ጭላዳዎች ታዩ» ብሎ ቢጨርስ፣ ወደ 4,200 ሜትር ከፍታ ሲወጡ የነበሩት ተመልካቾቹ ይሁኑ ጭላዳዎቹ አንባቢው ሊለይ አይችልም፤ ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ደግሞ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሁሉም በ«ኢንግ» የሚያልቅ መነሻ ግን ተንጠልጣይ አይደለም። «ኮንሲደሪንግ»፣ «ሪጋርዲንግ»፣ «አኮርዲንግ ቱ» የሚሉት ቃላት የግሥነት ጠባያቸውን ትተው እንደ መስተዋድድ፣ ማለትም ስምን ከሌላው ክፍል ጋር እንደሚያያይዝ ቃል፣ ስለሚያገለግሉ ባለቤት አይፈለግላቸውም። «ፀሐይ ወጥታ» የመሰለውን የአማርኛ አሳብ ደግሞ እንግሊዝኛ «ዘ ሰን ሃቪንግ ሪዝን» ብሎ ባለቤቱን በሐረጉ ውስጥ በመጥራት ሊይዘው ይችላል፤ አነጋገሩ ለዕለት ጽሑፍ ከበድ ቢልም ስሕተት ግን የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪው የሚወጣ አንድ ጠቃሚ መፈተኛ አለ። ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን መነሻ ሐረግ በልቡ ወደ አማርኛ ቦዝ አንቀጽ ወይም ወደ «ስንወርድ» ዓይነት ጥገኛ ግሥ መልሶ ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚያልቅ ይመልከት፤ ከዚያ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለውን ባለቤት በዚያው ቦዝ ፊት ያስቀምጠው። «በንቦች ተከቦ» ብሎ «እናቱ» ካለ አይስማማም፤ «ተኝቶ» ብሎ «መላእክት» ካለ አይስማማም፤ «ወርደን» ብሎ «ቤተ ጊዮርጊስ» የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ባለቤት ካደረገ አይስማማም። የእንግሊዝኛ ተወላጅ ጸሐፊ በቋንቋው ውስጥ የሌለውን ይህን ምልክት አማርኛ ተናጋሪው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይዞታል፤ እስካሁን እንቅፋት የሆነበት ልማድ በዚህ አቅጣጫ ሲሠራ መሣሪያ ይሆነዋል። በላሊበላ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ የእንግሊዝኛ መምህራን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ መጻሕፍት የተቀዱ እንግዳ ምሳሌዎችን ትተው ስለ ቤተ ማርያም፣ ስለ ላሊበላው የዮርዳኖስ ወንዝና ስለ ገና በዓል በተሠሩ ዓረፍተ ነገሮች ይህን ቢያለማምዱ ተማሪዎቻቸው ሕጉን ከማስታወስ አልፈው ምክንያቱን ይረዳሉ።

መፈተኛው የማይደርስበት ቦታ መኖሩም መታወቅ አለበት። አንደኛው ንዑስ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «መድረስ» እና «መግባት» ያለው የግሥ ስም፣ ነው፤ «ለመድረስ»፣ «ከመግባት በፊት» የሚሉት ቃላት በአማርኛም ባለቤታቸውን አይናገሩም፤ የጫማው ማስታወቂያ የተሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ሲሆን «ለመድረሳችን»፣ «ከመግባትዎ» እያሉ ባለቤቱን በግድ ማስወጣት ይረዳል። ሁለተኛው ደግሞ ሁለቱም ባለቤቶች ሩቅ፣ ማለትም ሦስተኛ መደብ፣ ሆነው ወንድ ሲሆኑ የሚመጣው ነው። በትውፊቱ ስለ ላሊበላና ከእርሱ በፊት ስለ ነገሠው ወንድሙ «ከኢየሩሳሌም ተመልሶ ወንድሙ ዙፋኑን ለቀቀለት» ሲባል የተመለሰው ላሊበላ ይሁን ወንድሙ ከፊደሉ አይለይም፤ ሁለቱም «ተመልሶ» ናቸውና። እዚህ ላይ አማርኛውም እንደ እንግሊዝኛው ይንጠለጠላል፤ ስም ጠርቶ ከመጻፍ በቀር መፍትሔ የለውም።

ስም ጠርቶ መጻፍ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የአብያተ ክርስቲያናቱ ዕድሜ በሚነሣበት ጊዜ ነው። ትውፊት 11ዱንም ለንጉሥ ላሊበላ ሲሰጥ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰንን የመሳሰሉ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ደግሞ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆኑ እንዳልቀሩና ከሌሎቹ እንደሚቀድሙ ያስባሉ። ይህን አከራካሪ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው «መጀመሪያ እንደ ቤተ መንግሥት ያገለገለ» የሚለውን ሐረግ በእንግሊዝኛ አስቀድሞ «ካህናት ዛሬ ይቀድሱበታል» ብሎ ቢያስከትል፣ ቤተ መንግሥት የነበሩት ካህናቱ ይሆናሉ፤ አንባቢውም ስሕተቱን ያያል። «ከሌሎቹ የሚቀድም ነው ተብሎ የሚታመን» ብሎ ጀምሮ «ንጉሥ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን አደረገው» ብሎ ቢጨርስ ግን የሚቀድመው ሕንፃው ይሁን ንጉሡ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ሊያውቅ አይችልም፤ የክርክሩ ፍሬ ነገርም ያ ነው። «ቤተ መርቆሬዎስ ከሌሎቹ እንደሚቀድም ይታመናል፤ ቤተ ክርስቲያን ያደረገው ግን ንጉሥ ላሊበላ ነው የሚሉ አሉ» ተብሎ በሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች፣ እያንዳንዱ ከነባለቤቱ፣ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ጥቂት ቃላት ይጨምራል፤ የማን አሳብ፣ የየትኛው ሕንፃ ዕድሜ እንደሆነም ለአንባቢው ተለይቶ ይቀመጣል።